አራስን መደገፍ፦ ከእርግዝና መጨረሻ እስከ ስድስተኛው ሳምንት

በኢትዮጵያ ብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ የወለደች ሴት ከከባድ ሥራ ተገልላ፣ እናቷ ወይም የቅርብ ዘመዷ እያረሰቻት፣ ገንፎውና አጥሚቱ በየሰዓቱ እየቀረበላት፣ ጎረቤቱም እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያላት ሳምንታትን ታሳልፋለች። ይህ ልማድ እናቲቱ ሰውነቷ እስኪጠገን ጊዜ እንድታገኝ የሚያደርግ፣ የቤቱን ሥራ ከትከሻዋ የሚያነሣና ብቸኝነትን የሚያርቅ በመሆኑ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ልማዱ በአብዛኛው የሚያተኩረው አራሷን በመመገብና በማክበር ላይ ነው፤ የጤና ተቋማትም በበኩላቸው ዋናውን ትኩረት ለምጡና ለወሊዱ ሰዓት ይሰጣሉ። በዚህም የተነሣ በሁለቱ መካከል ያለው የመጀመሪያው ሳምንት፣ ማለትም እናትና ሕፃን ከሁሉ በላይ ለአደጋ የሚጋለጡበት ጊዜ፣ በቂ ጠባቂ ሳያገኝ ያልፋል።

አኃዞችም ይህንኑ ያመለክታሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተከናወኑት ወሊዶች 26 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ ጥናት ወደ 48 በመቶ ማደጋቸውን አሳይቷል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት ግን ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከልም 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት ሕፃናት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑ ሲታሰብ፣ ወሊዱ በሰላም ተጠናቀቀ ተብሎ ምስጋና በሚቀርብበት ሰዓት ዋናው ጥበቃ ገና መጀመሩ ግልጽ ይሆናል።

ከወሊድ በፊት

ድጋፍ የሚጀምረው ሕፃኑ ሳይወለድ ነው። እርግዝናው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ቤተሰቡ የት እንደሚወለድ፣ ምጡ ሌሊት ቢጀምር በምን መጓጓዣ እንደሚኬድ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚለግስና ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚይዝ ተነጋግሮ መወሰን ይኖርበታል፤ የጤና ባለሙያዎች ይህን የወሊድ ዝግጅት ዕቅድ ይሉታል። የዕቅዱን ጥቅም በሚገባ የሚያስረዳው ሲሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የ«ሦስቱ መዘግየቶች» ትንታኔ ነው። በዚህ ትንታኔ መሠረት እናቶችን ለሞት የሚዳርገው ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ሲዘገይ፣ ከተወሰነ በኋላ ተቋሙ ጋ መድረስ ሲዘገይ፣ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት ሲዘገይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በከፊልም ቢሆን ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያቃልላቸው ይችላል፤ በብዙ ቤቶች «እንሂድ» ወይም «እንጠብቅ» የሚለውን ቃል የሚናገሩት ባል ወይም አማት በመሆናቸውም ምክሩ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ተነግሮ የሚበቃ አይደለም።

ነፍሰ ጡሯንም ሆነ በዙሪያዋ ያሉትን ሳያዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊያስኬዱ የሚገቡ ምልክቶች አሉ፤ እነርሱም ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውኃ መፍሰስና የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ራስ ምታቱ፣ ብዥታውና እብጠቱ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የሚከሰተውንና ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ሕመሙ ካልታከመ ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት ያደርሳል፤ ከወሊድ በኋላም ሊነሣ ይችላል። በአንዳንድ አካባቢ መንቀጥቀጡ ከመንፈስ ጋር ስለሚያያዝ ሕመምተኛዋ ሕክምና ሳታገኝ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ጸሎቱም ጠበሉም ሕክምናውን ሳያዘገይ ሊደረግ እንደሚችል ለቤተሰቡ ማስረዳት ከንስሐ አባትም፣ ከሼኽም፣ ከጎረቤትም የሚጠበቅ እገዛ ነው።

መንገድ ለራቃቸው ወይም በቀደመ ወሊዳቸው ችግር ለገጠማቸው ሴቶች የተዘጋጀው መፍትሔ የእናቶች ማቆያ ነው። ማቆያ ማለት ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ግቢ የሚሰነብቱበት ቤት ሲሆን፣ በጉራጌ የሚገኘው የአጣት ሆስፒታል ማቆያ በኢትዮጵያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ማቆያው አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለው ግን ነፍሰ ጡሯ ጥላው የምትመጣው ቤት አስተማማኝ ሰው ሲያገኝ ነው፤ ከብቱን የሚያግድ፣ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ካልተገኘ አልጋው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት እናቲቱን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋት የደም መፍሰስ ነው። የሚያርሷት ሴቶች ከወሊድ በኋላ የሚወርደው ደም በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ እንዳለበት፣ ጨርቅን ቶሎ ቶሎ የሚያርስ፣ የሚረጋ ወይም ከቀነሰ በኋላ የሚጨምር ደም ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና እንደሚሻ ሊያውቁ ይገባል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና የታችኛው ሆድ ሕመም የማሕፀን ኢንፌክሽን ምልክቶች ሲሆኑ፣ በአራስ ቤት ሙቀትና ድካም ተሳብቦ ችላ ሊባሉ አይገባም።

ለሕፃኑ የመጀመሪያው ምግብ የእናቱ ጡት ነው። ወፈር ያለውና ቢጫ መልክ ያለው እንገር በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን የያዘ በመሆኑ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ይመከራል። እንገሩን አልቦ መድፋት፣ በምትኩ ቅቤ ማላስ ወይም የስኳር ውኃ ማጠጣት ሕፃኑን ከዚህ ጥበቃ ያርቀዋል፤ ለኢንፌክሽንም ያጋልጠዋል። እትብቱም ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ሳይቀባ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ገላውን ማጠብም ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይገባል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን በፍጥነት ያጣልና። እንጥል ማስቆረጥና የድድ ላይ «ግግ» ማስወጣት ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚዳርጉ፣ ምንም ጥቅም የሌላቸው ድርጊቶች ናቸው።

ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን ቤተሰብ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ድጋፍ የካንጋሮ እንክብካቤ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ ለረጅም ሰዓት መያዝና ጡት ማጥባት ነው። ዘዴው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ መሣሪያ እጥረት ባለበት ሆስፒታል በዶክተር ኤድጋር ሬይ ተጀመረ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሴ በአዲስ አበባ አካሂደው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናትም ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በዚህ መንገድ የተያዙት ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እናቲቱ ስትደክም አባትም ሆነ አያት ሕፃኑን በደረታቸው ሊይዙት ይችላሉ።

ከወሊድ በኋላ ክትትሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት እንዲቀጥል ይመከራል። ሴቲቱ ከክርስትናው በፊት ከቤት መውጣት በማትፈልግባቸው አካባቢዎች ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ሠራተኛዋ ሕፃኑ ሳያለቅስ ደረቱን ገልጣ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትደግመዋለች፤ እንደገናም ያው ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው። ጡት ሲጠባ ታያለች፤ ሙቀቱን ትለካለች፤ በእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል መኖሩን ትመረምራለች። መዳፉንና የውስጥ እግሩን ደግሞ ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አስጠግታ በቀን ብርሃን ትመለከታለች፤ የአራስ ቤት ብዙ ጊዜ ተዘግቶና ጨልሞ ስለሚውል፣ ሕፃኑን ለአደጋ የሚዳርገው ቢጫነት በጨለማ ውስጥ ሳይታይ ሊሰነብት ይችላልና።

የአራሷ መንፈስና የአባት ድርሻ

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ይበሳጫሉ፣ ይጨነቃሉ፤ ይህ ስሜት በእረፍትና በአጽናኝ ቃል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ አልፎ ሲቀጥል፣ እናቲቱ ሕፃኑ ተኝቶላት እንኳ እንቅልፍ ስታጣ፣ ለሕፃኑ ፍቅር እንደሌላት ሲሰማት ወይም መኖርን ስትጠላ ግን የድኅረ ወሊድ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልገዋል። «ልጅ ሰጥቶሽ እያለ ምን ጎደለሽ?» የሚለው ተግሣጽ ሕመሙን ከመደበቅ በቀር ፋይዳ የለውም።

አባት በልማዱ ከአራስ ቤት ራቅ ብሎ ወጪውን የሚሸፍን ሰው ተደርጎ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው፤ በጉሊት ንግድና በቀን ሥራ የሚተዳደሩት ቤተሰቦች ይህንንም አያገኙም። ጊዜው አጭር በመሆኑ አባት ሌሊት ሕፃኑን ማስገሳትን፣ የሽንት ጨርቅ መቀየርንና ታላላቆቹን ልጆች መያዝን ከመጀመሪያው ቀን የራሱ ሥራ ሊያደርገው ይገባል። በውጭ አገር ለሚወልዱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ችግሩ ይበረታል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ቢሰጥም ክፍያ አያስገድድም። ልጇን ልታርስ የምትሄደው እናት ቪዛ ባጣች ጊዜ፣ ምግብና የሥራ እገዛ በተራ ማድረስ የጓደኞችና የማኅበር አባላት ድርሻ ይሆናል።

ጥየቃም ቢሆን በአግባቡ ካልተያዘ ለአራሷ ቤት ሸክም ነው። ገንፎው ለእንግዳ እየተገነፋ፣ ቡናው ቀኑን ሙሉ እየተፈላ አራሷ ሳትተኛ ከዋለች ድጋፉ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቢቀር፣ የመጣውም እጁን ታጥቦ ሕፃኑን ሳይስም ጥቂት ቆይቶ ቢወጣ፣ ከመውጣቱ በፊትም ውኃ ቢቀዳ ወይም ልብስ ቢያጥብ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሁሉ ከምርቃቱ ቀጥሎ ሕፃኑ ጡት በደንብ መያዙን፣ የእናቲቱ ደም መቀነሱንና እንቅልፍ ማግኘቷን ይጠይቅ፤ ከሦስቱ የአንዱ መልስ እንኳ ካጠራጠረው ነገ ሳይል በዚያው ቀን እናትና ልጅን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።