አነስተኛው ቁጥር ያሸንፋል፦ የስፓኒንግ ትሪ ፕራዮሪቲ ተረትና እውነታ

“ስፓኒንግ ትሪ ሳይነኩትም ይሠራል” የሚለው ሐሰት አይደለም። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትነድፈው፣ መሣሪያዎቹ ያለ ሰው እገዛ መሪ (ሩት) እንዲመርጡና ዙር የሚፈጥሩትን መስመሮች እንዲዘጉ አድርጋ ነው። ስህተቱ ምርጫው ሁልጊዜ ያምራል ብሎ ማመን ላይ ነው። ፕራዮሪቲ ያልተሰጣቸው ስዊቾች ሁሉም 32768 ላይ እኩል ይቆማሉ፤ ያኔ ዝቅተኛ ማክ አድራሻ ያለው ያሸንፋል። አምራቾች አድራሻ የሚያድሉት ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ስለሆነ፣ ሩት የሚሆነው ራክ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስዊች ሊሆን ይችላል። እሱ ከሁለቱ ኮር ስዊቾች ጋር በ1 ጊጋቢት ቢገናኝ፣ በኮሮቹ መካከል ያለው የ100 ጊጋቢት ቀጥታ መስመር ይዘጋል፤ ትራፊኩም በአሮጌው በኩል ይዞራል። የተበላሸ ነገር ስለሌለ ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ የሚመጣው “ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል” የሚል ስሞታ ነው።

ሌላው ተረት “ትልቅ ቁጥር የሰጠሁት ይመራል” የሚለው ነው። ተቃራኒው ነው። ያሻን ቁጥር መጻፍም አይቻልም፤ ከ0 እስከ 61440 ባለው ውስጥ የ4096 ብዜት ብቻ ይፈቀዳል። መጀመሪያ ለፕራዮሪቲ ከነበሩት 16 ቢት 12ቱን የቪላን ቁጥር ስለያዛቸው ለፕራዮሪቲ የቀሩት 4 ናቸው።

“0 ካልኩት ማንም አይነጥቀውም” ባዮች ደግሞ ይበልጥ ያሳስቡኛል። 0 የተሰጠውና ዝቅተኛ ማክ ያለው ሌላ ስዊች ከተሰካ ይነጥቃል። የሲስኮ “ሩት ፕራይመሪ” ትእዛዝም ዘበኛ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ያለውን ሩት አይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ 24576 ጽፎ ሥራውን ይጨርሳል። በር የሚዘጋው ሩት ጋርድ ነው፤ የሚበራውም ወደ ታችኛዎቹ ስዊቾች በሚወርዱት ፖርቶች ላይ ነው።

ፕራዮሪቲ ብልሽት ሲደርስ ማገገምን ያፋጥናል የሚሉም አሉ፤ አያፋጥንም። ከ30 እስከ 50 ሰከንድ የሚፈጀው መዘግየት የአሮጌው ፕሮቶኮል የሰዓት ቆጣሪዎች ውጤት ነው፤ መድኃኒቱ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ነው።

“እንግዲያው እናጥፋው” ለሚሉ፦ የኢተርኔት ፍሬም ዕድሜ የሚቆጥርበት ቦታ የለውም፤ ዙር ውስጥ የገባ ብሮድካስት እየተባዛ ይሽከረከራል። የቦስተኑ ቤዝ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ስፓኒንግ ትሪው በትክክል መሥራት ሲያቅተው ኔትወርኩ ለቀናት ተቃውሶ ወደ ወረቀት ተመልሶ ነበር።

ለኮሮቹ 4096 እና 8192 መስጠት ይበቃል። 4096ቱን የሚወስደው ግን የቪላኑ ንቁ ጌትዌይ የሆነው ኮር ይሁን፤ ካልሆነ ከሰርቨር የሚወጣው ፓኬት መጀመሪያ ወደ አንዱ ኮር ሄዶ እንደገና ወደ ሌላው ይሻገራል።