የጉባኤ ንግግር ሚዛን

ነጋዴ በሚዛን ያምናል። ቡና ላኪው ጥሬውን በዓይን አስመርምሮ፣ ተቆልቶና ፈልቶ በቀማሾች አፍ ተፈትኖ ደረጃው ካልተነገረው በቀር ዋጋ አይቈርጥም፤ ጨርቅ አስመጪውም ናሙናውን በእጁ ሳይዳስስ ውል አይፈርምም። በጉባኤ የሚነገረውን ቃል ግን በሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እምብዛም አልነበረም። ስብሰባው ሲያልቅ አንዱ «መልካም ውይይት ነበር» ይላል፤ ሌላው «ጊዜያችንን በከንቱ አጠፋን» ብሎ ያማርራል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚፈርዱት ንግግሩን መዝነው ሳይሆን ውሳኔው እንደ ተስማማቸው ወይም እንዳልተስማማቸው ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ማርኮ ስቴንበርገን፣ አንድሬ ቤክቲገር፣ ማርኩስ ሽፐርንድሊና ዩርግ ሽታይነር የተባሉ አራት የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት በ2003 «የንግግር ጥራት መለኪያ» ብለው የሰየሙትን ዘዴ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ለሥራቸው መሠረት ያደረጉት የጀርመኑን ፈላስፋ የዩርገን ሐበርማስን ትምህርት ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ ሰዎች ስለ ጋራ ጉዳይ በሚመክሩበት ጊዜ ማሸነፍ የሚገባው ሥልጣን ወይም ገንዘብ ሳይሆን የተሻለው ምክንያት ነው የሚል ነው። ሐሳቡ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለፈላስፋ የሚበቃው ሁሉ ለመዛኝ አይበቃም። ስለዚህ አራቱ ሊቃውንት ያን ከፍተኛ ሐሳብ ቍጥር ሊሰጥባቸው ወደሚቻል ጥቂት ጥያቄዎች ለወጡት። አሠራሩንም በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በተደረገ ክርክር ላይ አሳዩ፤ የዚያ ምክር ቤት ንግግር ተጽፎ የሚታተም በመሆኑ፣ ለሚዛን የሚቀርብ ነገር በእጃቸው ነበረና።

በዚህ ዘዴ የሚመዘነው እያንዳንዱ ንግግር ለየብቻው ነው። ከንግግሩም ውስጥ የሚመዘነው ተናጋሪው «ይህ ይደረግ» ወይም «ይህ አይደረግ» ሲል አንድ ነገር የሚጠይቅበት ክፍል ብቻ ነው። ሰላምታው፣ ምስጋናውና መግቢያው ከሚዛኑ ውጭ ይቀራሉ። ይህ በእኛ ስብሰባ ቢደረግ ከንግግሩ ምን ያህሉ ከሚዛኑ ላይ እንደሚደርስ አንባቢው ራሱ ይገምት።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። በአንድ ከተማ የንግድ ምክር ቤት አባሎች ተሰብስበው «በገበያው ሰፈር ካሚዮኖች በቀን ዕቃ እንዳያራግፉ ይከልከል» የሚል ሐሳብ ቀረበላቸው እንበል። አንድ ባለ ሱቅ ተነሥቶ «ይከልከል፤ እኔ የምለው ይህን ነው» ብሎ ቢቀመጥ፣ በምክንያት በኩል የሚያገኘው ዜሮ ነው። ሁለተኛው «ይከልከል፤ መንገዱ ተጨናንቋል» ቢል አንድ ያገኛል፤ ምክንያት ሰጥቷል፣ ነገር ግን መከልከሉ መጨናነቁን እንዴት እንደሚያስወግደው አላሳየም። ሦስተኛው «ካሚዮኑ ለማራገፍ በሚቆምበት ጊዜ ግማሹን መንገድ ይዘጋል፤ ገዢው መኪናውን የሚያቆምበት ስለሚያጣ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ማራገፉ ወደ ሌሊት ቢዛወር ግን መንገዱ በገበያ ሰዓት ክፍት ይሆናል» ብሎ ምክንያቱን ከጥያቄው ጋር ቢያያይዝ ሁለት ይሰጠዋል። እንዲህ የተያያዙ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ምክንያቶችን ያቀረበ ደግሞ ሦስት ያገኛል። ልብ ይሏል፤ እስካሁን ማንም ትክክል ነው ወይም ተሳስቷል አልተባለም። የተመዘነው ሰሚው ሊመረምረውና ሊመልስለት የሚችል ነገር ተሰጥቶት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለዜሮው ተናጋሪ የሚሰጥ መልስ የለም፤ ወይ መስማማት ነው ወይ መቃወም። ለሦስተኛው ግን «በሌሊት የሚሠሩት ወዛደሮች እጥፍ ቢጠይቁ ዕቃው አይወደድምን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ውይይት የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ምክንያቱ ስለ ማን እንደ ተነገረ ነው። አስመጪው «ይህ ደንብ የአስመጪዎችን ጥቅም ይጎዳል» ብሎ በዚያው ቢያቆም ዜሮ ይመዘገብለታል፤ ስለ ማንም ጥቅም ሳይጠቅስ ቢናገር አንድ ይሆናል። ሐሳቡ ለብዙኃኑ ወይም ከሁሉ ይልቅ ለተቸገረው ወገን እንደሚበጅ ካስረዳ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። በእኔ አስተያየት ለነጋዴ ጉባኤ ከሁሉ የሚያስቸግረው መመዘኛ ይህ ነው። ነጋዴ ወደ ምክር ቤቱ የሚመጣው ጥቅሙን ለማስከበር ነውና፣ ጥቅሙን ስለ ተናገረ ዜሮ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ሊመስል ይችላል። እንዲያውም ጥቅሙን በግልጥ የሚናገር ሰው፣ የራሱን ትርፍ «የሕዝብ ጥቅም» በሚል ካባ ሸፍኖ ከሚያቀርበው ይልቅ ለጉባኤው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ሚዛኑ የአፍን ቃል እንጂ ልብን አይመዝንም፤ አውጪዎቹም ልብን እንመዝናለን አላሉም።

ሦስተኛው ጉዳይ አክብሮት ሲሆን በሦስት በኩል ይታያል። እነርሱም በደንቡ ለሚጠቀሙት ወይም ለሚጎዱት ወገኖች፣ ለሌሎቹ ተናጋሪዎች ጥያቄ፣ እንዲሁም ለተቃራኒ ምክንያት የሚሰጠው አክብሮት ናቸው። የመጨረሻው ሰፊ ደረጃ አለው። ተቃራኒውን ምክንያት እንዳልሰማ ሆኖ ያለፈ ዜሮ፤ አንሥቶ ያናናቀው አንድ፤ ሳያናንቅና ሳያመሰግን የጠቀሰው ሁለት፤ «የወዛደሮቹ ኪራይ ይወደዳል ያሉት እውነት አለው» ብሎ ዋጋ የሰጠው ሦስት ያገኛል። ማናናቅ ከዝምታ በላይ ነጥብ ማግኘቱ ለጊዜው ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም፤ የሚያናንቅ ሰው ቢያንስ ሰምቷል። በመጨረሻም፣ ተናጋሪው በያዘው አቋም የጸና ነውን፣ ወይስ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጣ? የሚለው ይጠየቃል። «ትልልቆቹ ካሚዮኖች በሌሊት፣ ትንንሾቹ እስከ ረፋዱ ሦስት ሰዓት ያራግፉ» ያለ ሰው እዚህ ላይ ከሁሉ ይበልጣል። የተናጋሪው ንግግር ተቋርጦበት እንደ ሆነም ይመዘገባል፤ ነገር ግን ጉርምርምታ ሁሉ አይቈጠርም። ተናጋሪው ራሱ ተከለከልኩ ብሎ ካመለከተ ወይም በደንብ ተወስኖ ንግግሩ ከተቋረጠ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ነጋዴ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ መዛኙ ቢያዳላስ? በቡና ቅምሻ እንደሚደረገው፣ መልሱ ቀማሹን ሁለት ማድረግ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ጽሑፍ ይመዝናሉ፤ ከዚያም የሰጡት ነጥብ ይነጻጸራል። ባወጡት ሙከራ የመዛኞቹ ፍርድ በአመዛኙ የተስማማ ሆኖ ተገኝቷል። ባይስማማ ኖሮ ሚዛኑ ሚዛን ሳይሆን የአንድ ሰው አስተያየት ሆኖ በቀረ ነበር።

እነዚሁ ሊቃውንት ቀጥለው በ2004 ባወጡት መጽሐፍ የስዊስን፣ የጀርመንን፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ምክር ቤቶች ክርክር መዘኑ። ተፎካካሪ ፓርቲዎች በአንድ መንግሥት ተጣምረው በሚሠሩበት በስዊስ፣ መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ከሚፋጠጡበት አገር ይልቅ አክብሮቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሁለተኛ ምክር ቤቶችም፣ ማለትም በሴኔትና ይህን በመሰሉት፣ ከመጀመሪያዎቹ የተሻለ ነበር። ልዩነቶቹ ግን ያን ያህል ሰፊ አልነበሩም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የዝግ ስብሰባ ነገር ነው። ጋዜጠኛና ተመልካች በሌለበት ተናጋሪዎች እርስ በርሳቸው የበለጠ ይከባበራሉ። በአደባባይ ግን ምክንያታቸውን አሟልተው ያቀርባሉ፤ ስለ ጋራ ጥቅምም አብዝተው ይናገራሉ። እንግዲህ በሩን የዘጋ አክብሮትን ሲገዛ ምክንያትን ይሸጣል፤ የከፈተም እንደዚሁ በተቃራኒው። በጀርመን የሁለቱ ምክር ቤቶች 32 አባሎች ዝግ ሆነው ስለሚያስታርቁት ኮሚቴ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ንግግሩ የተሻለ በሆነበት ጊዜ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በውሳኔው የሚጠቀመው ማን እንደሚሆን ግን በአመዛኙ የሚወስነው የድምፅ ብልጫው ነበር። መልካም ንግግር ለአናሳው ወገን ጆሮን እንጂ ድርሻን አያረጋግጥለትም ማለት ነው። ይህን ውጤት ሳይደብቁ ማውጣታቸው ሊመሰገን ይገባል።

ነቀፌታም አልቀረም። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ፣ ሚዛኑ ከመውጣቱ አስቀድማ በ1990ዎቹ፣ ምክንያትን በሥርዓት ደርድሮ መናገር የተማረና የለመደ ሰው ችሎታ መሆኑን ጽፋ ነበር፤ ስለዚህ ሰላምታ፣ ትረካና የንግግር ውበትም በምክክር ውስጥ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል አለች። ይህ ነቀፌታ በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ይበልጥ ይጠነክራል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» በሚባልበት አገር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተነሥቶ አንድ ተረት ብቻ ተናግሮ ቢቀመጥ፣ ጉባኤው ምክንያቱን ከነማያያዣው ተረድቶ ሊያድር ይችላል፤ በወረቀት ላይ ግን የሚመዘገበው ዜሮ ወይም አንድ ነው። ሽታይነር ራሱ በኋላ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ስለ ትረካ ሚና ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። እኔ እስከሚመስለኝ፣ ምሳሌያዊ ንግግር በሚበዛበት ጉባኤ መዛኙ ቋንቋውን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ነገሩ የተነገረበትንም ሁኔታ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ንግግሩን ትቶ ሰሚውን የሚመዝን ሌላ መንገድም አለ። አሜሪካዊው ጄምስ ፊሽኪን በ1988 ባቀረበው ዘዴ፣ በዕጣ የተመረጡ ሰዎች በመጀመሪያ አስተያየታቸውን ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ስለ ጉዳዩ ሁለቱንም ወገን የያዘ ጽሑፍ ያነባሉ፣ ይወያያሉ፣ ዐዋቂዎችን ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ያንኑ ጥያቄ እንደ ገና ይመልሳሉ። በፊተኛውና በኋለኛው መልስ መካከል ያለው ልዩነት የምክክሩ ሥራ ነው። ይህ ዘዴ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የቴክሳስን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ከ1996 እስከ 1998 በዚያ አገር ስምንት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ወደ ፊት ኃይል ከምን እናመንጭ ብለው ደንበኞቻቸውን በዚህ መንገድ አማከሩ። ደንበኞቹ ከተወያዩ በኋላ፣ ከነፋስና ይህን ከመሰለ ምንጭ ለሚገኝ ኃይል ጥቂት ጨምረን እንከፍላለን የሚሉት ቍጥር ከፍ አለ። በ1999 የወጣው የቴክሳስ ሕግም እስከ 2009 ድረስ ከእንዲህ ያለ ምንጭ 2,000 ሜጋዋት አዲስ ኃይል እንዲቀርብ አዘዘ፤ ቴክሳስም በ2006 በነፋስ ኃይል ካሊፎርኒያን ቀደመች። ሕጉ የወጣው በእነዚያ ስብሰባዎች ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ኩባንያዎቹ ደንበኛው ዋጋ ሲጨመር ይሸሻል ብለው በጭፍን ከመፍራት ድነዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ የንግድ ምክር ቤት ይሞከር ቢባል፣ ዕንቅፋት የሚሆነው የመዛኝ ማጣት ሳይሆን የቃለ ጉባኤው አጻጻፍ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ጸሐፊው «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ» ብሎ ያልፋል። የካሚዮኑ ደንብ ከሦስት ወር በኋላ ባይሠራና ጉባኤው እንደ ገና ቢጠራ፣ አስመጪው ስለ ወዛደር ኪራይ የተናገረው ነገር ተሰምቶ ነበርን፣ መልስስ ተሰጥቶት ነበርን የሚለውን ከዚያ መዝገብ ማግኘት አይቻልም። ለሚዛኑ የሚያስፈልገው የንግግሩ ሙሉ ቃል ነው፤ ጸሐፊው ያን ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥረው እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ነገር መመዝገብ ይችላል፤ የጠየቀውን፣ ያቀረበውን ምክንያትና ለማን ምክንያት መልስ እንደ ሰጠ።