የሴቶቹ ድምፅ ተለይቶ ሲቆጠር

እናቶች ሆይ! የወር ደመወዝ መጠጥ ቤት ሲቀር ጓዳው ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የስዊድን ሴቶችም ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በፓርላማ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1922፣ «የአልኮል መጠጥ ይከልከል ወይስ አይከልከል?» የሚል ጥያቄ ለመላው ሕዝብ ቀረበ። የወንዶችና የሴቶች ድምፅ ተለይቶ ተቆጠረ። አብዛኞቹ ሴቶች «ይከልከል»፣ አብዛኞቹ ወንዶች ደግሞ «አይከልከል» አሉ። በድምሩ 51 በመቶው ስለተቃወመ እገዳው ቀረ። መጠጥ በደብተር እየተመጠነ መሸጡ ግን እስከ 1955 ቀጠለ፤ ደብተሩም በአብዛኛው ለባል እንጂ ላገባች ሴት አይሰጥም ነበር። ሴቶቹ ባይረቱም የጓዳቸው ችግር የአገር ጉዳይ መሆኑን በቁጥር አስመዝግበዋል። በእናንተስ ቤት ይኸው ጥያቄ ቢቀርብ የባልና የሚስት ድምፅ አንድ ይሆን ነበር? ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ተወያዩበት።