ፕላዝማ፦ ለትምህርት የተፈጠረው ስክሪን

ባለቀለም ስክሪን ላይ የሚታይ ቀለም ሁሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ይሠራል። አደይ አበባ በቴሌቪዥን ሲታይ አንድም ቢጫ ነጥብ የለበትም፤ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ጎን ለጎን ሲበሩ ዓይን ቢጫ አድርጎ ያያቸዋል። የስልክ ስክሪን ላይ ጠብ ያለች ትንሽ የውኃ ጠብታ እነዚህን ነጥቦች አጉልታ ታሳያለች።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሰሞን ነው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥንም ሞኒተርም ወደኋላ የረዘመ፣ ውስጡ አየር የሌለው መስታወት ነበር። ከኋላ የሚወረወሩ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ቀዳዳ በበዛበት ስስ ብረት አልፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም ያበራሉ።

ኮምፒውተርን ቀለም ለማሳየት ያስቸገረው ሚሞሪ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የቀለም ካርድ 16 ኪሎባይት ብቻ ስለነበረው ሥዕል ሲያሳይ በአንድ ጊዜ ከ4 ቀለም አያልፍም ነበር። ፊደሉም በ8 በ8 ነጥብ ይሳላል፤ ለላቲን ይበቃል፣ እንደ ጬ እና ፄ ላሉት ግን ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው ቪጂኤ የተባለው ካርድ 256 ቀለምና ለአንድ ፊደል 16 የነጥብ ረድፍ ሰጠ፤ ለግዕዝ ፊደል ከቀለሙ ይልቅ የጠቀመው ይህ ረድፍ ነው።

ፕላዝማ ስክሪን ግን የተወለደው ከእነዚህ ካርዶች ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቹ የሠሩት ፕላቶ ለተባለው የማስተማሪያ ኮምፒውተር ሲሆን ብርሃኑም ብርቱካናማ ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ባለቀለሙ ፕላዝማ ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ግን ስክሪኑ አይጠብቀውም ነበር። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነበር።

ፕላዝማ ከፍታም አይስማማውም። በሁለት መስታወቶች መካከል የታሸገው ጋዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ መስታወቶቹን አጥብቆ የሚይዘው የውጭው አየር ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ የአየር ግፊት ከሩብ በላይ ይቀንሳል፣ ከእርሷም ከፍ በምትለው አምባራስ ላይ ደግሞ ይብሳል። አየር ሲሳሳ መስታወቶቹ ይላላሉ፣ ስክሪኑም ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ይግላል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው የከፍታ ገደብ ያስቀምጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ኤልሲዲ የተባለው ስክሪን ግን በመስታወቶቹ መካከል ጋዝ ስለሌለው ይህ ችግር አያገኘውም። ከጀርባው ያለውን ነጭ ብርሃን ፈሳሽ ክሪስታል እየከፈተና እየዘጋ በቀለም ማጣሪያ ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሹጂ ናካሙራና ሌሎች ጃፓናውያን የሠሩት ሰማያዊ ኤልኢዲ ይህን ነጭ ብርሃን በኤልኢዲ ለማግኘት መንገድ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ዛሬ የመብራት መስመር ባልደረሰበት የገጠር ቤት ትንሽ ቴሌቪዥን በሶላር የሚሠራው ኤልኢዲ ኃይል ስለሚቆጥብ ነው።