ልጃችሁ ጌም የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ወላጆች ልታውቋቸው የሚገቡ ነገሮች



"ዶክተር፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ ነው፣ ስንት ሰዓት ልፍቀድለት?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በብዛት ይደርሰናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከሰዓቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ልጁ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው?

እንደ ፍሪ ፋየር፣ ፐብጂ እና ሮብሎክስ ያሉ ጌሞች ድሮ ስልክ ላይ ብቻችንን እንደምንጫወተው የእባብ ጨዋታ አይደሉም። ልጁን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ቡድን ያሰልፉታል፤ በማይክ ያወራል፣ በጽሑፍ ይጻጻፋል። ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በጆሮ ማዳመጫው የሚያወራው ሰው ግን የ12 ዓመት ልጅ ይሁን የ40 ዓመት ጎልማሳ አታውቁም።

🔴 "ይሄ የአዲስ አበባ ልጆች ጉዳይ ነው" እንዳትሉ!

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙ ተማሪዎች ከገጠር ስንቅ ይዘው ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ወላጅ የሚያገኛቸው በስልክ ነው። የአንዳንዱ ልጅ ስልክ ደግሞ አረብ ሀገር ያለች እናቱ ወይም እህቱ የላከችለት ነው። ማታ ላይ "ምን እያደረግክ ነው?" የሚል ትልቅ ሰው በቤቱ የለም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ያለ ሥራ ቤት ውለዋል። ኔትወርክ ሲመጣ ስልኩ የመጀመሪያ ጓደኛ ቢሆን አይገርምም።

🔴 አጥማጆች እንዴት ነው የሚቀርቡት?

በአንድ ቀን አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው፦

1. ማድነቅ፦ "አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ ሁሌ አብረን እንጫወት።"
2. ስጦታ፦ ዳይመንድ፣ ዩሲ ወይም ሮበክስ መላክ። ልጁ ውለታ እንዳለበት ይሰማዋል።
3. ቦታ መቀየር፦ "ቴሌግራም ላይ እናውራ።" እዚያ የጌሙ ቁጥጥር የለም።
4. ምስጢር፦ "ለቤተሰብ እንዳትናገር፣ ስልክህን ይቀሙሃል።"
5. ፎቶ መጠየቅ፣ ከዚያ ማስፈራራት፦ "ብር ካልላክህ ወይም ሌላ ፎቶ ካልሰጠኸኝ ለሁሉም እበትነዋለሁ።"

አራተኛውን ልብ በሉት። አጥማጁ ይህን የሚለው እናንተ ስልኩን እንደምትቀሙ ስለሚያውቅ ነው። ቁጣችንን መሣሪያ ያደርገዋል። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ13 አገሮች ያካሄዱት ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። ጥቃት የደረሰባቸው ብዙ ልጆች ለማንም አይናገሩም፤ ጥቃት አድራሹም ብዙ ጊዜ ልጁ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሌላው አደጋ ገንዘብ ነው። "ነጻ ዳይመንድ እሰጥሃለሁ፣ በሜሴጅ የመጣልህን ቁጥር ላክልኝ" የሚል ሰው የሚፈልገው የልጁን አካውንት ወይም የእናንተን ቴሌብር ነው። የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን ልጅ አይወቀው።

🔴 ጌም ሱስ ይሆናል ወይ?

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና መታወክን አካቷል። ግን ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ሦስት ነገሮችን እናያለን፦ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከምግብ፣ ከትምህርትና ከጓደኛ ጌሙ ሲበልጥበት፣ እየጎዳውም ማቆም ሲያቅተው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የዘለቀ መሆን አለበት።

እንቅልፍንም እዩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በድንገት ዝምተኛ ከሆነ፣ ስትገቡ ስልኩን ከደበቀ፣ ሜሴጅ ሲመጣ ከደነገጠ ደግሞ ሱስ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ እያስፈራራው ያለ ሰው ሊኖር ይችላል።

✅ ምን እናድርግ?

• አብራችሁ ተጫወቱ። "እስቲ አሳየኝ፣ ይሄ ማነው?" በሉት። አንድ ቀን አብሮ መጫወት ከአሥር ምክር ይበልጣል።
• ትክክለኛ የልደት ቀን ይሙላ። ልጆች ዕድሜያቸውን ከፍ ሲያደርጉ ለሕጻናት የተዘጋጀው ጥበቃ ይነሳል። ሮብሎክስ ከ2026 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ለመጻጻፍ የዕድሜ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።
• ማይኩን አጥፉ፣ የጓደኝነት ጥያቄ በአካል ከሚያውቀው ሰው ብቻ ይቀበል።
• ጉግል ፋሚሊ ሊንክ ጫኑ። ልጁ ነፋስ መውጫ፣ እናንተ ባሕር ዳር ወይም ጂዳ ብትሆኑም የጌም ሰዓቱን መገደብና የሚጭነውን አፕ መፍቀድ ትችላላችሁ።
• ማታ ስልኩ ከመኝታ ቦታ ውጭ ቻርጅ ይደረግ። ተከራይቶ ለሚማር ልጅ አከራይዋን ወይም በቅርብ ያለ ዘመድ አደራ በሉ።
• ጌም ቤት የሚሄድ ከሆነ ቤቱን ሄዳችሁ እዩት።
• ከሁሉም በላይ ዛሬውኑ ይህን ንገሩት፦ "ምንም ነገር ቢፈጠር ንገረኝ፤ አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልቀማህም።" ቃላችሁንም ጠብቁ።

⚠️ ችግሩ ቀድሞ ከተፈጠረስ?

አትጩኹ፣ አትምቱ። "ስለነገርከኝ ጎበዝ ነህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" በሉት። ብር አትላኩ፤ አንዴ የተከፈለው ደግሞ ይጠይቃል። ሜሴጁን ሳታጠፉ ስክሪንሹት አንሱ፣ ከዚያ ሰውየውን ብሎክና ሪፖርት አድርጉ። ለፖሊስ አመልክቱ፤ የወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያግዛችኋል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሕጻናትን በዚህ መንገድ ማጥመድ በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጁ መተኛት ወይም መብላት ካቃተው፣ በተለይ "ብሞት ይሻላል" የሚል ቃል ከወጣው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ይህን ጽሑፍ ልጆቹን ከተማ አስቀምጦ ለሚያስተምር ወላጅና ውጭ ሀገር ሆኖ ለታናሹ ስልክ ለሚልክ ወንድም ወይም እህት ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የልጁን ስም ግን አትጻፉ።

መልካም ጤና!