የሙት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ምልክት (ፈረንሳይ)

የሙት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ምልክት በፈረንሳይ አገር የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ3.5 ቶን በላይ በሆነ ተሽከርካሪዎች ጎንና ኋላ ላይ እንዲለጠፍ በሕግ የተደነገገ ምልክት ነው። ግዴታው የጸናው ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም.) ጀምሮ ነው። የጭነት መኪናንና አውቶቡስን ብቻ ሳይሆን ከባድ የመኖሪያ መኪናን፣ ማለትም ሞተርሆምን ጭምር ይመለከታል። ተሽከርካሪው የተመዘገበበት አገር ለውጥ አያመጣም፤ ከጀርመን፣ ከብሪታንያ ወይም ከሌላ አገር ለዕረፍት የመጣ ሞተርሆምም በፈረንሳይ መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ምልክቱን መያዝ አለበት።

ስያሜው

ሙት ማዕዘን የሚባለው አሽከርካሪው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ በፊት መስታወትም፣ በጎን መስኮትም፣ በስፖኪዮም ሊያየው የማይችለው በተሽከርካሪው ዙሪያ ያለ ቦታ ነው። በፈረንሳይኛ «አንግል ሞር»፣ በጀርመንኛ «ቶተር ቪንክል» ይባላል፤ የሁለቱም ቃል በቃል ትርጉም «ሙት ማዕዘን» ነው። እንግሊዝኛው ግን «ብላይንድ ስፖት» ወይም ዕውር ቦታ ይለዋል። በፈረንሳዩ ምልክት ላይ የተጻፈው «አታንሲዮን አንግል ሞር» ሲሆን፣ «ሙት ማዕዘን አለ፣ ተጠንቀቁ» እንደ ማለት ነው።

አደጋው እንዴት ይደርሳል

በቤት መኪና ውስጥ ሙት ማዕዘን ትንሽ ነው፤ አሽከርካሪው አንገቱን ቢያዞር ብዙውን ጊዜ ያየዋል። በከባድ ተሽከርካሪ ግን ቦታው ሰፊ ነው። አሽከርካሪው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከፊት ለፊቱ ተጠግቶ የሚያልፍ ሕፃን ከመስታወቱ በታች ይቀራል። ከኋላ ያለውን በስፖኪዮ ማየት አይቻልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሽከርካሪው ከተቀመጠበት በተቃራኒ ያለው ጎን ነው። መሪው በግራ በሆነበት አገር ይህ ቀኝ ጎን ማለት ነው፤ ብስክሌተኛ የሚሄደውም በመንገዱ ቀኝ ዳር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው አደጋ የሚደርሰው መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ነው። ረጅም ተሽከርካሪ ጠባብ መገናኛ ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ በመጀመሪያ ወደ ግራ ይሰፋል ወይም ቀጥ ብሎ ትንሽ ይሄዳል። ከኋላው የደረሰ ብስክሌተኛ በመኪናውና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል የተከፈተውን ቦታ አይቶ ይገባል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የፊት ጎማዎቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ነው የሚያልፉት። የተከፈተው ቦታ በጥቂት ሴኮንድ ይዘጋል፣ ብስክሌተኛው መውጫ ያጣል። የመኪናው ፍጥነት ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ ሕይወት የሚያጠፋው ግጭቱ በመበርታቱ ሳይሆን ሰውየው ጎማ ሥር ስለሚወድቅ ነው።

በሞተርሆም ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ብዙዎቹ ከኋላ ጎማቸው በስተጀርባ ረጅም አካል አላቸው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይህ የኋላ ክፍል ወደ ግራ ተወርውሮ ይወጣል፤ በዚያ በኩል የቆመ ሰው ከመኪናው ራቅ ብያለሁ ብሎ ሲያስብ ሊመታ ይችላል። መሪው በቀኝ የሆነ የብሪታንያ ሞተርሆም ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሽከርካሪው ከመንገዱ ዳር በኩል ስለሚቀመጥ ብስክሌተኛውን የተሻለ ያያል፣ የሚሰወርበት ግን በግራው የሚቀድመው ተሽከርካሪ ነው።

የሕጉ አመጣጥ

መነሻው ዲሴምበር 24 ቀን 2019 የወጣው የፈረንሳይ የመጓጓዣ መሪ ሕግ ነው። ኖቬምበር 17 ቀን 2020 የወጣ ድንጋጌ ግዴታውን በመንገድ ትራፊክ ሕጉ ውስጥ አስገባው፤ ጃንዩዋሪ 5 ቀን 2021 የተፈረመ የሚኒስቴር ትእዛዝ ደግሞ የምልክቱን መልክና የሚለጠፍበትን ቦታ ወሰነ። ከቀኖቹ እንደሚታየው ዝርዝሩ የወጣው ግዴታው ከጸና ከቀናት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ምልክት ለጥፈው ለነበሩ ተሽከርካሪዎች የ12 ወር ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

ከግዴታው ነፃ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የእርሻና የደን ሥራ ተሽከርካሪዎች፣ በክረምት በረዶ የሚጠርጉ መኪኖች፣ እንዲሁም የአውራ ጎዳና አስተዳዳሪዎች የሚያሰማሯቸው የአገልግሎት ተሽከርካሪዎች ናቸው። ሞተርሆም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ምልክቱን ሳይለጥፉ መንዳት የአራተኛ ደረጃ ጥፋት ነው። መደበኛ ቅጣቱ 135 ዩሮ ሲሆን፣ ቶሎ ለከፈለ ወደ 90 ይወርዳል፣ ለዘገየ ወደ 375 ዩሮ ከፍ ይላል።

የክብደቱ ጥያቄ

ተጓዦች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚያየው መኪናው በዚያ ቀን ሚዛን ላይ ቢወጣ የሚመዝነውን ሳይሆን በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት ነው። ባዶውን የሚሄድ፣ ግን 4 ቶን እንዲጭን የተፈቀደለት ሞተርሆም ምልክት ያስፈልገዋል። ልክ 3,500 ኪሎ ግራም ተብሎ የተመዘገበ ግን አያስፈልገውም፤ ቃሉ «ከ3.5 ቶን በላይ» የሚል ነውና። በዚህ መኪና ላይ ከልክ በላይ ዕቃ ጭኖ 3.7 ቶን ማድረስ ምልክት የመለጠፍ ግዴታ አያመጣም፤ የሚያመጣው ሌላ ጥፋት ነው፣ ከክብደት በላይ መጫን።

የሚታየው የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ክብደት እንጂ የመኪናውና የተጎታቹ ድምር አይደለም። ስለዚህ 3.5 ቶን የሆነ ሞተርሆም ትንሽ መኪና በተጎታች ቢስብ፣ ድምሩ ከ3.5 ቶን ቢያልፍም ግዴታው አይመለከተውም።

ብዙ የሞተርሆም ሞዴሎች በ3.5 ቶን እንዲመዘገቡ የሚደረገው በአውሮፓ የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ እስከዚያ ድረስ ስለሚያስነዳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ባሻሻለው የመንጃ ፈቃድ ሕግ፣ አገሮች ሲተገብሩት፣ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና የወሰደ የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ ባለቤት እስከ 4.25 ቶን የሚደርስ ሞተርሆም መንዳት ይችላል። የመንጃ ፈቃዱ ወሰን ከፍ ማለት ግን የምልክቱን ወሰን አይለውጠውም፤ እነዚህ መኪኖች ፈረንሳይ ሲገቡ ምልክት ሊኖራቸው ይገባል።

የሚለጠፍበት ቦታ

ለአንድ ሞተርሆም ሦስት ምልክት ያስፈልጋል። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን፣ ከመኪናው ፊት ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሜትር ውስጥ ይለጠፋሉ፤ መስታወት ያለበት ቦታ አይቆጠርም። ሦስተኛው ከኋላ፣ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ ይሆናል። ከፍታው ከመሬት ከ0.90 እስከ 1.50 ሜትር ነው። የመኪናው አሠራር ይህን የማይፈቅድ ከሆነ እስከ 2.10 ሜትር ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ምልክቱ ታርጋን፣ መብራትን፣ ፍሬቻን ወይም የአሽከርካሪውን እይታ መጋረድ የለበትም።

ትእዛዙ ምልክቱ በማጣበቂያ፣ በብሎን ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ እንዲያያዝ ይፈቅዳል። ከዚህ የተነሣ ከጉዞ በኋላ ለማንሣት ይመቻል ብለው ማግኔት ያለው ምልክት የሚገዙ አሉ። ችግሩ የአብዛኛው ሞተርሆም ገላ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ መሆኑ ነው፤ ማግኔት አይይዘውም። ጋቢናው የቫን ብረት ከሆነ የፊቶቹ ሁለቱ ሊይዙ ይችላሉ፣ የኋላው ግን ይወድቃል። የመኪናቸው ቀለም እንዳይበላሽ የሚሰጉ ባለቤቶች ምልክቱን ቀጭን ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ሰሌዳውን ያስራሉ።

ሁለተኛው ችግር ከኋላ የሚሰቀለው የብስክሌት መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ብዙ ጊዜ የሚውለው ምልክቱ ሊታይ በሚገባበት ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ስለ ብስክሌተኞች ደኅንነት የተለጠፈው ምልክት በብስክሌት ተሸፍኖ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ቦታውን ወደ ላይ ወይም ወደ ቀኝ ዳር ማዞር ያስፈልጋል።

የምልክቱ ሥዕል በትእዛዙ አባሪ ላይ የሚገኝ ሲሆን ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የተለያየ ነው። ሞተርሆሞች በተለምዶ የጭነት መኪናውን ይጠቀማሉ። ጣሊያንና ስፔን ከመኪናው አልፎ ለሚወጣ ጭነት የሚጠይቁት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ሰሌዳ ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

የፈረንሳዩ ሕግ ለሞተርሆም ባለቤቶች ያልተጠበቀ የሆነው በምክንያት ነው። አብዛኞቹ የአውሮፓ የሙት ማዕዘን ሕጎች ተሽከርካሪን የሚለዩት በምድብ ነው። ሞተርሆም ምንም ያህል ቢከብድ «ኤም 1» በሚባለው ምድብ፣ ከተራ የቤት መኪና ጋር ነው የሚመደበው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ የቆዩ የጭነት መኪኖች የተሻለ ስፖኪዮ እስከ ማርች 2009 መጨረሻ እንዲገጠምላቸው ሲያስገድድ ሞተርሆም አልተነካም። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዳዲስ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ብስክሌተኛን የሚጠቁም መሣሪያም «ኤም 1»ን አይመለከትም። ለንደን ከ12 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖች የአሽከርካሪው ቀጥተኛ እይታ እየተለካ ፈቃድ እንዲያወጡ ታስገድዳለች። ሚላኖም በ2023 ያወጣችው የመሣሪያና የምልክት ግዴታ ያነጣጠረው በአውቶቡሶችና በጭነት መኪኖች ላይ ነው። ፈረንሳይ ግን ምድቡን ትታ ክብደቱን ብቻ አየች፤ ሞተርሆሙም በዚያው ተያዘ።

በክብደት የሚሄድ ሌላ ሕግ በጀርመን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ፣ ብስክሌተኛ ወይም እግረኛ ሊመጣ በሚችልበት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በእግር ፍጥነት መሄድ አለበት። የሚለጠፍ ነገር የለውም፤ የተጣለ ሰው ግን 70 ዩሮና አንድ የቅጣት ነጥብ ይጠብቀዋል። ከፈረንሳዩ የሚለየውም ሸክሙን ያኖረው በአሽከርካሪው እግር ላይ መሆኑ ነው።

ትችት

በምልክቱ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ ኃላፊነቱን ከአሽከርካሪው ወደ ብስክሌተኛው ያዞራል የሚል ነው። ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ (በገበያ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 17 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው) አንድ ሰው ሥዕሉን ለይቶ የሚያየው በቅርብ ሲሆን ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ ሙት ማዕዘኑ ውስጥ ገብቷል። በተጨማሪም ሥዕሉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱ መኪና ሙት ማዕዘን ይለያያል፤ ጠፍጣፋና ሰፊ የፊት መስታወት ያለው ሞተርሆም ከረጅም ተሳቢ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ቦታ አይሰውርም።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ብዙ እግረኛና ብስክሌተኛ፣ በተለይም ልጆች፣ «እኔ መኪናውን ካየሁት ሹፌሩም ያየኛል» ብለው እንደሚያስቡና ይህ ስሕተት ሊነገራቸው እንደሚገባ ይከራከራሉ። የኋላው ምልክት ከቀይ መብራት ፊት ከመኪናው ጀርባ ቆሞ በቀኝ ልለፍ ወይስ ልጠብቅ እያለ ለሚያመነታ ብስክሌተኛ ይነበባል፤ ከሦስቱ ውስጥ ጥቅሙ ግልጽ የሆነውም ይኸኛው ነው።