«መጋለጥ» እና «በቀላሉ ተጎጂነት»፦ በአየር ብክለትና በጤና ጥናቶች ትርጉም

የአየር ብክለት በሕዝብ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምሩ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «ተጋላጭነት» የሚለው ቃል ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ሲሸከም ይታያል። አንደኛው የተበከለ አየር ወደ ሰው መድረሱ ነው፤ ሁለተኛው የሰውየው አካል በበካዩ ቶሎ የመጎዳት ባሕርይ ነው። የሁለቱ መደባለቅ የጥናቱን ውጤት ያዛባል።

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 የለንደን ከተማ በድንጋይ ከሰል ጭስና በጉም ተሸፍና ነበር። ከምድር አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከበላዩ ባለው ሞቃት አየር ስለ ታፈነ፣ ጭሱና የሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ጋዝ ሊበተኑ አልቻሉም። በወቅቱ በተደረገው ግምት ከተለመደው በላይ ወደ 4,000 ሰዎች ሞቱ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። ጭሱን የተነፈሰው የከተማው ሕዝብ ሲሆን፣ ሞቱ የጸናው ግን በአረጋውያን፣ በሕፃናትና ቀድሞውንም የልብ ወይም የሳንባ ሕመም በነበረባቸው ላይ ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው «ይበልጥ ተጋላጮቹ አረጋውያን ነበሩ» ቢል፣ አንባቢው አረጋውያን ከሌላው የበለጠ ጭስ ተነፈሱ ብሎ ይረዳል። መፍትሔውም እነርሱን ከቤት አለማስወጣት ብቻ ይመስለዋል። በ1956 በብሪታንያ የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ግን የተነሣው በጭሱ ምንጭ ላይ ነበር።

«ተጋለጠ» ከ«ገለጠ» የረባ ግሥ እንደ መሆኑ፣ የሚያመለክተው መከለያ ማጣትን እንጂ የአካልን ድካም አይደለም። «ተጎጂ» በበኩሉ ብቻውን ሲቆም ጉዳት የደረሰበትን ሰው ስለሚያሰማ፣ «በቀላሉ» የሚለው ቃል ሊቀድመው ይገባል። በማገዶ ጭስ በተሞላ ማድቤት እንጀራ የምትጋግር እናት ተጋልጣለች፤ ያዘለችው ሕፃን ደግሞ ከመጋለጡም በላይ በቀላሉ ተጎጂ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ፍቺዎች ቀርበዋል፦

መጋለጥ፦ በካይ ያለበትን አየር መተንፈስ ወይም በዚያ ውስጥ መቆየት፤ የሚለካውም በአየሩ ውስጥ ባለው የበካይ መጠንና በቆይታው ጊዜ ነው።

በቀላሉ ተጎጂነት፦ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በሌላ የአካል ሁኔታ ምክንያት፣ እኩል ከተጋለጡ ሌሎች ሰዎች ይልቅ ቶሎ ወይም አብዝቶ መጎዳት።

በልማድ የጸናውን «ተጋላጭነት» መተው የሚከብደው ተርጓሚ ቢኖር፣ ቃሉን ለመጀመሪያው ፍቺ ብቻ እንዲይዘው ይመከራል።